መንግሥት ለአዲስ ጥበብ የሚሰጠው ድጋፍና የአውራጃዎች ዕድገት፤ ከታይዋን የሚገኝ ትምህርት

መንግሥት ኢንዱስትሪን ይርዳ ሲባል በነጋዴው ኅሊና አስቀድመው የሚመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም በርካሽ የሚከራይ መሬት፣ ከቀረጥ ነጻ መሆንና ለጥቂት ዓመታት ከግብር ማረፍ ናቸው። የእነዚህ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ርካሽ መሬትና የቀረጥ ነጻነት ፋብሪካን ወደ አንድ አውራጃ ሊስቡት ይችሉ እንደ ሆነ እንጂ በዚያው ሊያጸኑት አይችሉም። ፋብሪካን በቦታው የሚያጸናው በአገሬው ሰው እጅ የገባ ዕውቀት ነው። ለዚህም ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው የታይዋን ደሴት ታሪክ ስለ ሆነ፣ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለሱቆች ይማሩበት ዘንድ በአጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ሥራ የሚሰጥ ቀጠና

የታይዋን መንግሥት በ1966 በደቡብ በምትገኘው በካዎሲዩንግ ወደብ ለውጭ ገበያ ብቻ የሚሠራ የኢንዱስትሪ ቀጠና ከፈተ። የውጭ ኩባንያዎች ጥሬ ዕቃቸውንና መኪናቸውን ያለ ቀረጥ እያስገቡ፣ ዕቃውን በዚያ እየገጣጠሙ መልሰው ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። በዚህም በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ይልቁንም ወጣት ሴቶች፣ እንጀራ አገኙ፤ ለአገሩም የውጭ ምንዛሪ ገባ።

ይሁን እንጂ የዕቃው ንድፍ፣ መኪናውና ገዢው ሁሉ የውጭ ነበሩ። የታይዋን ድርሻ የእጅ ሥራው ብቻ ነበር። የሠራተኛው ደመወዝ ከፍ ባለ ጊዜ ያው ሥራ ደመወዝ ወደሚረክስበት ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚከለክለው ነገር አልነበረም። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ደግሞ፣ በርካሽ ጉልበት ብቻ የቆመ ንግድ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ይበልጥ ተገለጠ።

2ኛ፤ ዕውቀትን እንደ ሸቀጥ መግዛት

መንግሥቱ በዚያው በ1973 ሦስት የምርምር ጣቢያዎችን አንድ አድርጎ የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋምን አቋቋመ። ተቋሙ በበጎ አድራጎት ድርጅት መልክ በሕግ የቆመ እንጂ ተራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ይህም የሆነበት ምክንያት ለሊቃውንቱ ከመንግሥት የደመወዝ ደረጃ ወጥቶ እንደ ሥራቸው መክፈል እንዲችል ነው።

በፌብሩዋሪ 1974 የኤኮኖሚ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሱን ዩን ሱዋንና ጥቂት ባለሥልጣኖች በታይፔ ከተማ በአንዲት የአኩሪ አተር ወተት መሸጫ ቤት ለቁርስ ተቀመጡ። አር. ሲ. ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጡት መሐንዲስ ፓን ዌን ዩዋን በዚያ ቁርስ ላይ አገሩ ቺፕ መሥራት ይጀምር ዘንድ መከሩ። ቺፕ ማለት እጅግ ብዙ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መስመሮች የተቀረጹበት የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈጅ በተጠየቁ ጊዜ አራት ዓመትና 10 ሚሊዮን ዶላር ብለው መለሱ። ገንዘቡ ለዚያ ዘመን ታይዋን ቀላል አልነበረም፤ ሐሳቡን የተቃወሙትም ብዙዎች ነበሩ።

በ1976 ከአር. ሲ. ኤ. ጋር ውል ተፈረመ። ነጋዴዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባው የውሉን ይዘት ነው። የተገዛው ዕቃ አይደለም፤ መኪና ብቻም አይደለም። ውሉ የአሠራሩን ዘዴ የመጠቀም መብትንና ሰዎችን የማሠልጠን ግዴታን ያጠቃልል ነበር። የተመረጡ ወጣት መሐንዲሶች ወደ አሜሪካ ሄደው ሥራውን ከንድፉ እስከ ፍተሻው ተማሩ። በ1977 ተቋሙ አነስተኛ የሙከራ ፋብሪካ ከፍቶ ለኤሌክትሮኒክ ሰዓት የሚሆኑ ቺፖችን መሥራት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይም ከተሠራው ውስጥ ያለ እንከን የሚወጣው ዕቃ መጠን ከሻጩ ኩባንያ ፋብሪካ በለጠ።

3ኛ፤ የሲንቹ ከተማ

መንግሥቱ ዕውቀቱን በመዛግብት ውስጥ አላኖረውም። በ1980 የምርምር ተቋሙ ከገዛ ሠራተኞቹና ከዘዴው ከፍሎ ዩ. ኤም. ሲ. የተባለውን ኩባንያ ወለደ። በዚያው ዓመት ከታይፔ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በሲንቹ የሳይንስ ፓርክ ተከፈተ። ቦታው የተመረጠው ተቋሙና ሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በአጠገቡ ስለ ነበሩ ነው። መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ለኩባንያዎች ይከራያል፤ ከውጭ ለሚመጣ መኪናና ጥሬ ዕቃ የቀረጥ ነጻነት ተሰጠ። ከውጭ አገር ለሚመለሱ ሊቃውንት ልጆች በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሳይቀር ተሠራ። እንግዲህ የግብርና የቀረጥ እፎይታው በዚህም ነበረ፤ ነገር ግን የመጣው ከዕውቀቱ በኋላና ከዕውቀቱ አጠገብ ነው።

በ1985 በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ሞሪስ ቻንግ የተቋሙ መሪ ሆነው ተጠሩ፤ በ1987ም ቲ. ኤስ. ኤም. ሲ. የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ከመነሻው ገንዘብ ግማሽ የሚያህለውን መንግሥት ሰጠ፤ ከሩብ የሚበልጠውን የሆላንዱ ፊሊፕስ አገባ። የቀረውን እንዲያዋጡ የተጠየቁት የአገሩ ባለሀብቶች እጅግ አመንትተው ነበር፤ አንዳንዶቹም ገንዘባቸውን ያወጡት በመንግሥት ግፊት ነው።

የኩባንያው አሠራር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የወፍጮ ቤት ባለቤት ደንበኛው ያመጣውን እህል ፈጭቶ ዋጋውን ይቀበላል እንጂ ዱቄት እየሸጠ ከደንበኛው ጋር አይሻማም። ቲ. ኤስ. ኤም. ሲ.ም ሌሎች የነደፉትን ቺፕ ሠርቶ ያስረክባል እንጂ የራሱን አይሸጥም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካ ለማቆም አቅም የሌለው፣ ንድፍ ብቻ የሚያውቅ ባለአነስተኛ ካፒታል ወደ ንግዱ ሊገባ ቻለ። በሲንቹ ዙሪያ የንድፍ፣ የፍተሻ፣ የማሸግና የመለዋወጫ ድርጅቶች የበዙት ስለዚህ ነው። ኩባንያው ዛሬ በሌሎች ትእዛዝ ቺፕ ከሚሠሩት ሁሉ በዓለም የመጀመሪያው ነው።

4ኛ፤ ያልተሳካውም መታወቅ አለበት

መንግሥት የነካው ሁሉ አልለመለመም። ከዚያው ተቋም ምርምር በ1994 የወጣው ቫንጋርድ የተባለ ኩባንያ የማስታወሻ ቺፕ ሊሠራ ተነሥቶ ከውጭ ተወዳዳሪዎች ጋር መቋቋም ስላልቻለ ያንን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ዘርፍ ዞረ። ከዚህም በቀር ሀብቱ በሲንቹ በመከማቸቱ ሌሎች አውራጃዎች ድርሻቸውን ጠየቁ፤ ስለዚህ በ1990ዎቹ ዓመታት በታይናን፣ በ2003ም በታይቹንግ ተመሳሳይ ፓርኮች ተቋቋሙ። በ2021 ብርቱ ድርቅ በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎቹ ውሃ በመኪና እስከ ማስመጣት ደርሰዋል። የአንድ አውራጃ ዕድገት ውሃንና መብራትንም አስቀድሞ ማስላት እንዳለበት ይህ ያስረዳል።

5ኛ፤ ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

በአገራችን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ሥራ አገኙበት። ነገር ግን ልብሱ የሚሰፋበት ጨርቅና ሌላውም ዕቃ በብዛት የሚመጣው ከውጭ ነበር። በሰሜን ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ለአፍሪካ ዕቃዎች የሰጠችውን የቀረጥ ነጻነት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ በዘጋች ጊዜ፣ አስቀድሞም ከዚያ በኋላም ከፓርኩ የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ። ይህ የካዎሲዩንግን ጊዜ የሚመስል ነው፤ ታይዋን የዳነችው በዚያ ደረጃ ስላልቆመች ነው።

እንግዲህ ማናቸውም የመንግሥት ድጋፍ በታወጀ ጊዜ ነጋዴው አራት ጥያቄዎችን ሊጠይቅ ይገባዋል። ድጋፉ ስንት ሰዎችን፣ በምን ሙያ ያሠለጥናል? የተገኘው ዕውቀት ወደ አገር ነጋዴ የሚተላለፍበት መንገድ ተወስኗልን? የግል ባለሀብት ከገዛ ገንዘቡ ምን ያህል ያገባል? መንግሥትስ ድርሻውን ለሌሎች የሚለቀው መቼ ነው?

አስመጪው መኪና በሚገዛበት ጊዜ የሠራተኛ ሥልጠናና የጥገና መመሪያ በውሉ እንዲገባ ያስገድድ፤ ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ የሚቆጠር ነው። ላኪው ከግብር ቅናሽ ይልቅ ዕቃውን በአገሩ የሚመረምርለት ላቦራቶሪ እንዲቋቋም አብልጦ ይጠይቅ። በፓርኮች አቅራቢያ ያለው ነጋዴም ፋብሪካው ከውጭ የሚያስመጣውን ክር፣ ቁልፍና ካርቶን በምን ዋጋና በምን ጥራት እንደሚገዛ ያጥና፤ አንድ ፋብሪካ ከአውራጃው በገዛ መጠን ከአውራጃው መውጣቱ ይከብደዋልና።

ከዚያች የቁርስ ገበታ እስከ ቲ. ኤስ. ኤም. ሲ. መመሥረት 13 ዓመት አልፏል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ጽናት ነው። መንግሥት በሩን ሲከፍት ነጋዴው ለመግባት ተዘጋጅቶ ካልተገኘ ግን በተከፈተው በር የሚገባው ሌላ ይሆናል።