ክረምት በገባ ቁጥር የሚጠቁረው ግድግዳ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይጠቁራል። ቀለም ብናስቀባውም ተመልሶ ይመጣል። ትንሹ ልጄም ያስለዋል። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከልደታ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንደገለጹት ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለው ሻጋታ ነው፤ የሚያኖረውም እርጥበት ነው። በክረምት መስኮት ተዘግቶ ሲበሰልና ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ከተጣበቀ ደግሞ አየር ስለማያገኝ አይደርቅም። እርጥበቱ ሳይወገድ የሚቀባ ቀለም ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

በመጀመሪያ ምንጩን ይለዩ። ፌስታል ግድግዳው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና ከ2 ቀን በኋላ ይዩት። ውሃው በክፍሉ በኩል ከታየ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ከውስጥ የሚመጣ እርጥበት ነው።

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጥቂት ያርቁት። ሲያበስሉ የወጥ ቤቱን መስኮት ይክፈቱ፣ በሩን ይዝጉ። ልብስ በረንዳ ላይ ያስጡ። ሻጋታውን ጓንትና ማስክ አድርገው በሳሙና ውሃ ይጠቡና በደንብ ያድርቁ። በረኪና ከተጠቀሙ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ቀለም የሚቀባው ግድግዳው ፍጹም ሲደርቅ ብቻ ነው።

እርጥበቱ ከግድግዳው ከሆነ ለሕንፃው ማኅበር አሳውቀው የቧንቧ ባለሙያ ያስጠሩ። ልጅዎን ግን ግድግዳው እስኪስተካከል ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳዩ፤ ሻጋታ አስምን ሊያባብስ ይችላል።