ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ለማን ይታዘዛል?

ጥያቄ፦ ሲኦፒዲ የተባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ላለበት ሰው ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። «ጎልድ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እትሙ፣ ምልክታቸው ቀላል ለሆነ ሕሙማን አንድ የአየር ቧንቧ ማስፊያ ይበቃል ይላል። ትንፋሽ ለሚያጥራቸው፣ እንዲሁም ሕመሙ በዓመት ሁለቴ ለሚያገረሽባቸው ወይም አንዴም ቢሆን ሆስፒታል ላስተኛቸው፣ መነሻው ለረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሁለት ማስፊያዎች በአንድነት ናቸው። ስቴሮይድ ከመነሻው የሚታከለው ለሚያገረሽባቸው ነው፤ ያውም ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮ ሊትር 300 ከደረሰ። ከ100 በታች ከሆነ ጥቅሙ አናሳ ነው፤ የሳንባ ምች ስጋት ግን አለው።

በተግባር የሚታየው ሌላ ነው። በብዙ አገሮች ስቴሮይዱ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ለማያውቁም ይታዘዛል። አንዱ ምክንያት ከአስም ጋር መምታታቱ ነው፤ ለአስም ስቴሮይድ የሕክምናው መሠረት ነውና። ሁለቱን ለመለየት የሚያግዘው ስፓይሮሜትሪ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ይታለፋል። ምርመራው ከባድ አይደለም፦ ታማሚው ማስፊያ ከወሰደ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ቱቦው ይተነፍሳል፤ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ ካነሰ ቧንቧው መጥበቡ ይረጋገጣል። መሣሪያው እንደ ልብ በማይገኝበት በኢትዮጵያ፣ ሲጋራ ቀምሳ የማታውቅ፣ ዕድሜዋን በማገዶ ጭስ ያሳለፈች እናት በቀላሉ «አስም» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች።

ስቴሮይዱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደጋ አለው፤ በተለይ ኢዮሲኖፊሉ 300 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።