የዲዚ ጊሌስፒን ቢግ ባንድ ከየት ልጀምር?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ዲዚ ጊሌስፒ ከቻርሊ ፓርከር ጋር በትንሽ ባንድ የተጫወታቸውን ሰምቻለሁ። የቢግ ባንዱ ሸክላዎች ግን ብዛታቸው ግራ አጋባኝ።

አዛውንቱ፦ አይዞሽ፣ ልጄ። በ«ማንቴካ» ጀምሪ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 30 ቀን 1947 ኒው ዮርክ ውስጥ ለአርሲኤ ቪክተር የተቀረጸ ነው። የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ወጣቷ፦ እሱንማ ሰማሁት። የዲዚ ሶሎ ግን በጣም አጭር ሆነብኝ።

አዛውንቱ፦ ሶሎ ፍለጋ ስለገባሽ ነው። እዚህ ላይ የሚሰማው መሪው ነው። አጀማመሩን ልብ በይ፦ ቤዝና ኮንጋ ብቻ ናቸው። የባንዱ ሰዎች የዜማውን ስም ይጮኻሉ። ባሪቶን ሳክስፎኑ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይገባና እሷኑ ይደጋግማታል፤ ትሮምቦኖቹ ሌላ ያነሳሉ፤ ትራምፔቶቹ በዚያ ላይ ይደርባሉ። ማንም የማንንም ቦታ አይሻማም። ዲዚ ከሁሉም በላይ እንደ ልቡ ይነፋል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር እያንዳንዱ ሰከንድ ታስቦበታል።

ወጣቷ፦ ኮንጋው ሙላቱን አስታወሰኝ።

አዛውንቱ፦ ጆሮሽ ልክ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያወጣቸው ሁለት አልበሞች «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው የሚባሉት። ያንን መንገድ ቀድመው ከጠረጉት አንዱ በ«ማንቴካ» ላይ ኮንጋ የሚመታው ኩባዊው ቻኖ ፖዞ ነው። ከዲዚ ጋር ያገናኘው ማሪዮ ባውዛ ነው፤ እሱና ዲዚ በካብ ካሎዌይ ባንድ አብረው ትራምፔት ይነፉ ነበር። ቻኖ ኖታ አያነብም፤ የየመሣሪያውን ድርሻ በአፉ እያዜመ ነገራቸው፣ ጊል ፉለር አቀናበረው። የመሃሉን ዜማ የጨመረው ዲዚ ነው። ስምንት ባር ሊጽፍ ተነስቶ፣ መመለሻው አልገኝ ብሎት አሥራ ስድስት ሆነ። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን መሃል ነው። ከኩባው ምት ድንገት ወጥተሽ ጃዝ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ሳታስቢው ደግሞ ትመለሻለሽ።

ወጣቷ፦ ከዚያ ቀጥሎ የ1948 የስቱዲዮ ሥራቸውን ብፈልግ አጣሁ።

አዛውንቱ፦ ልታጪው ነው እንጂ! ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከለከለ። «ማንቴካ» የተረፈው በሁለት ቀን ነው። እገዳው እስከ ዲሴምበር ዘለቀ፤ በዚያው ወር ቻኖ ሃርለም ውስጥ በጥይት ተገደለ፣ ገና 33 ዓመቱ ነበር። እና ባንዱ በጣም በበሰለበት ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ እምብዛም አልተሰማም። ያዳኑት የመድረክ ቀረጻዎች ናቸው፦ የፌብሩዋሪው የፓሪስ ሳል ፕሌየልና የጁላዩ የካሊፎርኒያ ፓሳዲና።

ወጣቷ፦ የፓሪሱን ከፍቼ ድምፁ ጥራት ስለሌለው ዘጋሁት።

አዛውንቱ፦ እንዳታደርጊው! ጆሮሽ እስኪለምደው ታገሺ። በስቱዲዮ የታፈነው ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ቻኖ ከበሮውን ሲያፋፍመው የሕዝቡ ጩኸት አብሮ ይሰማል።

ወጣቷ፦ ያቺ አፏ ወደ ላይ የቀናች ትራምፔትስ?

አዛውንቱ፦ እሷ በ1953 ነው የመጣች፤ ድግስ ላይ ሰው ወድቆባት ተጣመመች፣ ዲዚ ድምፁን ወደደውና እንደዚያ አሠራት። በእነዚህ ላይ የሚነፋው በቀጥታዋ ነው።

ወጣቷ፦ ከ«ማንቴካ» በፊት ያለውንስ ልዝለለው?

አዛውንቱ፦ የ1946ቱን «ቲንግስ ቱ ካም» አትዝለይ። ቢቦፕ ለአምስት ሰው የተሠራ ጨዋታ ነው፤ እነዚህ ግን በዚያው ፍጥነት ሙሉ ባንድ አስነፉት። ትራምፔቶቹ ሊበታተኑ አንድ ሐሙስ ሲቀራቸው ተያይዘው ያልፋሉ። ዳንስ የለመደው ሕዝብ ምን ይሁን ብሎ ነው የሚቆመው! የ1945ቱ የመጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሄዶ የከሸፈውም ሕዝቡ መደነስ ስላልቻለ ነው።

ወጣቷ፦ ኋላስ?

አዛውንቱ፦ በ1950 ባንዱ ተበተነ፤ ያን ያህል ሰው ደመወዝ መክፈል ቀላል አይደለም። በ1956 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጃዝን ወደ ውጭ ሊልክ ሲነሳ ቀድሞ የላከው ዲዚን ነው፤ ኢራን፣ ፓኪስታን፣ ሊባኖስ፣ ቱርክ፣ ግሪክ ደረሱ። ባንዱን ያሰባሰበለት ወጣቱ ኩዊንሲ ጆንስ ነበር። ሜልባ ሊስተን ትሮምቦን ትነፋለች፣ ታቀናብራለችም፤ ቅንብሮቿን በተለይ ፈልጊያቸው። ከዚያ የ1957ቱን የኒውፖርት ቀረጻ ስሚ፤ ከትራምፔቶቹ አንዱ የ18 ዓመቱ ሊ ሞርጋን ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ባንዱ የረጋ ነው።

ወጣቷ፦ ከሁሉም አንዱን ብቻ ይምረጡ ቢባሉስ?

አዛውንቱ፦ ፓሳዲና 1948። ኒውፖርት የተሻለ ተቀርጿል፣ «ማንቴካ»ም የተሻለ ተቀናብሯል። እንደ ፓሳዲናው ምሽት የነፋ ቢግ ባንድ ግን እኔ እስካሁን አልሰማሁም።