የቤትን ስንቅ አስቀድሞ ስለ ማሰናዳት

ልጆች ሆይ፤ በገጠር ጥር የደስታ ወር ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራው ይሞላል፤ ሰርጉም ድግሱም በዚያ ወር ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ግን የጭንቅ ወራት ናቸው፤ አሮጌው እህል ያልቃል፤ አዲሱም ገና ቡቃያ ነው። ስለዚህ ቤትን የማስተዳደር ጥበብ ማለት በጥር ሳሉ ሐምሌን ማሰብ ነው።

ብዙ ሰው በመከር ጊዜ እህሉን ለገበያ ያወጣል፤ ሁሉም ባንድነት ስለሚሸጥ ዋጋው ይረክሳል። ያው ሰው በክረምት ጎተራው ባዶ ሲሆን ያንኑ እህል በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ገንዘብም ያጣ እንደ ሆነ ይበደራል፤ ዕዳውንም ከሚመጣው መከር ይከፍላል። እንዲህ ያለው ሰው ላቡን የሚያፈሰው ለልጆቹ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው።

አስተዋይ ባለቤት ግን እህሉን ከማስገባቱ በፊት ይቆጥራል። ቤቱ በወር 8 ቁና የሚበላ ቢሆን፣ ለ12 ወር 96 ቁና ያሻዋል። ዝናም ቢዘገይ ወይም በሽታ ቢገባ ብሎ የ2 ወር ቀለብ 16 ቁና ቢጨምርበት፣ 112 ቁና ይሆናል። ድግሱንና ሽያጩን ከዚህ በተረፈው ያደርጋል እንጂ ይህን አይነካም።

አቀማመጡም ብልሃት ይፈልጋል። እርጥበት ሻጋታን ያመጣልና እህል በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ አይገባም። ጎተራውም በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ክዳኑም እንዳያፈስ ይጠበቃል። በቆሎንና ማሽላን ነቀዝ ፈጥኖ ይበላቸዋል፤ ጤፍና ዳጉሳ ግን ፍሬያቸው ደቃቅ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ስለዚህ ነቀዝ የሚያገኘውን አስቀድሞ መብላት፣ የማይነቅዘውንም ለኋላ ማቆየት ይገባል። የቤቲቱ እመቤትም የተረፈውን እንጀራ ድርቆሽ፣ ሥጋውን ቋንጣ፣ ገብሱን በሶ ታደርጋለች፤ በሶ በውኃ ተበጥብጦ ያለ እሳት ይበላልና። እንጨቱና ኩበቱም ክረምት ሳይገባ ከደረቅ ስፍራ ይከመራል።

ከሁሉ በላይ ግን የዘር እህል ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ። ዘሩን የበላ ሰው የዛሬውን ረሃብ አስታግሦ የከርሞውን ረሃብ ይዘራል። ነገር ግን ልጅ በረሃብ ሲያለቅስ ዘርን መጠበቅ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ዘርን የሚያድነው በረሃብ ቀን የሚገኝ ብርታት አይደለም፤ በጥጋብ ቀን የተደረገ ቁጠባ ነው።

ደግሞ ተስፋን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ መጣል መልካም አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው፣ ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወቀው ዘመን፣ አስቀድሞ የከብት በሽታ ገብቶ በሬዎችን ፈጀ፤ ዝናምም ጎደለ፤ አንበጣና ተምችም በእህሉ ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ዘር የነበረው ሰው እንኳ የሚያርስበት በሬ አጣ። ዳግማዊ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። እንሰት የሚተከልበት አገር ግን ለእንዲህ ያለው ቀን መጠጊያ አለው፤ እንሰት ያለ በሬ በጓሮ ይተከላል፤ ለዓመታትም ቆሞ ይጠብቃል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ብዙ ወራት ይቆያል። እንግዲህ ከአንድ ዓይነት እህል ይልቅ ሁለትና ሦስት ዓይነት፣ ከእርሻውም ሌላ የጓሮ ተክል ያለው ቤት በአንድ መቅሠፍት አይፈርስም።

ነገር ግን ማሰናዳት ስስት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እህልን በጎረቤት ረሃብ ለመክበር የሚሸሽግ ሰው ከነቀዝ አይሻልም። የተሰናዳ ቤት በጭንቅ ቀን ሳይለምን ይውላል፤ ለሌላውም የሚሰጠው አለው። በሰኔ ዘር ላጣ ጎረቤት የተበደረ አንድ ቁና፣ በነሐሴ ከሚመጸወት ብዙ እንጀራ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ እንጀራው ለአንድ ቀን ያቆየዋል፤ ዘሩ ግን ዳግመኛ ባለ ጎተራ ያደርገዋልና።

እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አባታችሁንና እናታችሁን በትሕትና ጠይቁ፦ እህላችን እስከ ስንት ወር ይበቃናል? ዘራችንስ የት ተቀምጧል? መልሱንም ከእነርሱ ጋር ሆናችሁ በቁና ቍጠሩ።