የዛገ አሮጌ ኮምቢን በቤት ስለ ማደስ

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንዲሉ፥ ዝገትም መኪናን የሚበላው በቀለም ተሸፍኖ ነው። ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን እያነሣ ለአዲስ ውኃ በር ይከፍታል።

ፎልክስዋገን ኮምቢ በጀርመን አገር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ በ1951 ደግሞ ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት መኝታ እያስገባ የጉዞ ማደሪያ ያደርገው ጀመር። የዚህ መኪና አካልና ወለል በአንድነት የተበየደ ስለሆነ፥ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ሲበላ የሚጎዳው መልኩ ብቻ ሳይሆን የመሸከም ኃይሉ ጭምር ነው።

ስለዚህ እንደ አዴት ክረምቱ በሚበረታበት አገር የሚያድስ ሰው ሥራውን በበጋ ይጀምር። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

፩ኛ/ ወለሉን በመዶሻ እያንኳኩ የሳሳውን መለየት፤
፪ኛ/ ባትሪውንና የቤንዚን ታንከሩን አውርዶ፥ አካሉ እንዳይጣመም የበሩን ክፍት በብረት ዘንግ መደገፍ፤
፫ኛ/ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ፤
፬ኛ/ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብቶ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ክፍት መተው።

ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ርካሽ ቢመስልም እርጥበትን ከውስጥ መቅበር ነው፤ ገዢውን ያታልላል፥ ተሳፋሪውንም ለአደጋ ይዳርጋል። እንግዲህ ስንገዛም ሆነ ስናድስ ከቀለሙ አስቀድመን ሥሩን እንመርምር።