ቆራሌው የማይደርስበት አገር



እኛ የአዲስ ከተማ ልጆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ የቆራሌውን ጥሪ ስንሰማ ስላደግን ሰውየውን ልብ ብለን አናየውም። ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ በየደጃፉ እየዞረ ጠርሙሱን፥ ጣሳውን፥ ያረጀውን ጫማና የተሰበረውን ብረት በሳንቲም ይገዛል። እርሱ ባይኖር ኖሮ ሰፈራችን በገዛ ጥራጊው በተዋጠ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ግን ከዚህ ራቅ ያለ ነው፤ ቆራሌው በማይደርስበት ገጠር የተጣለ ዕቃ ወዴት ይሄዳል?

አስቀድመን የእኛን እንመልከት። ቆራሌው የገዛው ሁሉ ምናለሽ ተራ ይገባል። በርሜሉ እዚያ ይሰነጠቃል፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይዘረጋል፤ ከዚያም የከሰል ምድጃ ወይም ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ጣሳው ኩራዝ፥ የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል። ከእነዚህም ብዙው በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ገበያ ይወርዳል። (በረባሶን የሚንቅ ካለ ይህን ይስማ፤ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በዘነበ ወርቅ ሰፈር ያቋቋመችው ሶል ሬብልስ ሶሉ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጫማ ለውጭ አገር ገበያ አቅርቧል።)

ገጠሩም ቢሆን ይህን ሙያ ከእኛ አልተማረም። የመኪና ባሌስትራ በቀጥቃጩ ወናፍ ፊት ግሎ ለስልሶ ማረሻ፥ ማጭድና መጥረቢያ ይሆናል። ማረሻው ሲበላ ተመልሶ ወደ እሳቱ ይገባል እንጂ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ይሁን እንጂ ይህን የሚሠራው ሰው ምን ተብሎ ሲጠራ እንደ ኖረ ሁላችን እናውቃለን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስድቡ ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። በእኔ አስተያየት የገጠሩ ቀጥቃጭና የከተማው ቆራሌ ዕድላቸው አንድ ነው፤ ሌላው የጣለውን ስላነሡ ብቻ ይናቃሉ።

ብረት እንግዲህ ተቀባይ አለው። አመዱና ፍጉ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ቅሉ ሲሰበር፥ የኮባው ቅጠል ሲደርቅ አፈር ይሆናል። የዘይቱ ቢጫ ጀሪካን እንኳ በገጠር ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። እንስራን ከእናቶች ጀርባ ያወረደው እርሱ ነው። ሲቀደድ በጋለ ቢላዋ ይጠገናል፤ መጠገን ሲያቅተው ተቆርጦ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል። «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ጠርሙስም ቢሆን ዘይት፥ ላምባ ወይም ማር ይያዝበታል።

ተቀባይ ያጣው ፌስታሉ ነው። በገበያ ቀን ጨው፥ ስኳርና ቡና ተቋጥሮበት ይገባል፤ አንድ ቀን ካገለገለ በኋላ ነፋስ ወስዶ ከአጥር እሾህ ላይ ይሰቅለዋል፤ ወይም ማሳ ውስጥ ተቀብሮ ውሃ ወደ ሥር እንዳይሰርግ ያግዳል። ከሁሉም የሚከፋው የጨውና የምግብ ሽታ ስላለው ከብት የሚበላው መሆኑ ነው። ፌስታል በበሬ ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ ብዙ ከሆነም ወደ ታች አያልፍም፤ በላይ በላዩ እየተጠቀለለ ጨጓራውን ይሞላዋል። በሬው ሆዱ ሞልቶ እያለ ይከሳል፥ በመጨረሻም ይሞታል። ሁለት በሬ ላለው ገበሬ አንዱን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት የግብርና ትምህርት አያስፈልግም፤ በአንድ በሬ አይታረስምና። ከጎረቤት አቀናጅቶ ማረስ ቢቻልም ዝናቡ ተራ አይጠብቅም።

«ታዲያ ገጠርም ቆራሌ ይኑር» የሚል ወንድም ይኖራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። ብረት ከባድ ስለሆነ ጥቂቱም የመኪና ኪራይ ይሸፍናል። ባዶ ጠርሙስና ፌስታል ግን ቦታ ይፈጃሉ እንጂ አይመዝኑም፤ ጭነት መኪና ሙሉ ቢሆኑ እንኳ የነዳጁን ዋጋ አያወጡም። ከመንገድ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ወዳለ ቀበሌ ደግሞ ማንም ለዚህ ብሎ አይሄድም። ማቃጠሉም ያው ነው፤ ጭሱ በጎጆ ውስጥ ከእናትና ከሕፃን ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ራቅ ባለው ገጠር ስለ ፌስታል «መልሳችሁ ተጠቀሙ» ብሎ መስበክ ብዙም አይረባም፤ የሚረባው ከመነሻው እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ሕጉ ይህን ሞክሯል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ደንግጎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ገበያውን ሳይለቅ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቋል። የአዲሱ አዋጅ ፈተና በገጠር ገበያ ላይ ነው፤ ፌስታሉን የሚተካ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት በዚያ ዋጋ ካልቀረበ ነጋዴው የሚይዘው አያጣም።

እኛን የሚመለከተው ክፍል የበዓል ጉዟችን ነው። ግሸን፥ ቁልቢ ወይም ደብረ ሊባኖስ ስንሄድ በየመንገዱ የሚጣለውን ጠርሙስና ፌስታል አብዛኛውን ይዘን የምንገባው ከከተማ የመጣነው ነን። ከመነሻው ውሃውን በጀሪካን፥ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት፥ ምሳውን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በአገልግል መያዝ ይቻላል፤ ከፌስታል ይልቅ አገልግሉ እንጀራውን ሳያልበው ያቆየዋል።

የተረፈ ጠርሙስ ካለም ይመለስ፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ካገኘነው የቆሻሻ ገንዳ አንጣለው። ገንዳው የሚገለበጥበት ስፍራ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ አይተናል፤ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ጠርሙሱን ክዳኑን ከፍቶ፥ አየሩን አስወጥቶ፥ በእግር ረግጦ መልሶ መክደን ነው፤ እንዲህ ከሆነ የአንድ አውቶቡስ ጠርሙስ በአንድ ሁለት ማዳበሪያ ይጠቃለላል። አውቶቡስ ተራ ስንወርድ ምናለሽ ተራ ቅርብ ነው። እዚያ የሚቀበሉት በሚዛን ነው፤ ስለዚህ አሸዋና ውሃ እንዳይገባበት።