በጀርመን የተወለደ ልጅ የጥገኝነት መዝገብና የቢጫው ፖስታ ቀነ ገደብ

ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጀርመን የጥገኝነት ሕግ አንቀጽ 14ሀ መሠረት፣ ወላጆቹ ጥገኝነት ከጠየቁ በኋላ በአገሪቱ የተወለደ ልጅ ልደቱ ሳይዘገይ ለፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት (በተለምዶ ባምፍ) መገለጽ አለበት፤ ማስታወቂያው እንደ ደረሰም ሕፃኑ በራሱ ስም ጥገኝነት እንደ ጠየቀ ይቆጠራል። ግዴታው በዋናነት የሚመለከተው ጉዳያቸው ገና ያልተቋጨ ወይም ተቀባይነት አጥተው ያለ መኖሪያ ፈቃድ የቀሩ ወላጆችን ነው። ማስታወቂያውን የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤትም ሊልከው ስለሚችል፣ መዝገቡ ወላጆች ምንም ሳይፈርሙ የሚከፈትበት ጊዜ አለ።

ቤተሰብን ለጉዳት የሚዳርገው የልጁ ጉዳይ በወላጆቹ መዝገብ ውስጥ ይጠቃለላል የሚለው ግምት ነው። የልጁ ውሳኔ ለብቻው በቢጫ ፖስታ ሲመጣ፣ ወላጆች የራሳቸው ይግባኝ ፍርድ ቤት ስላለ ጠበቃው ያውቀዋል ብለው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ጠበቃው ግን የያዘው ውክልና የእነርሱ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ልጁ ውሳኔ የሚነግረው የለም። ፖስተኛው በፖስታው ላይ የሚጽፈው ቀን ቆጠራው የሚጀምርበት ስለሆነ ፖስታው ራሱ መጣል የለበትም፤ በደብዳቤ ሳጥን ውስጥ የተከተተ ውሳኔም ማንም ባይከፍተው እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ለአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት ለማለት ሲሠራበት የቆየው ጊዜ ሁለት ሳምንት፣ ጥያቄው «መሠረተ ቢስነቱ ግልጽ ነው» ተብሎ ሲወድቅ ደግሞ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከሰኔ 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆን የታወጀው የአውሮፓ ኅብረት አዲስ ሕግ አሠራሩን ስለሚነካ፣ አስተማማኙ በውሳኔው መጨረሻ ገጽ ላይ የሰፈረው ቀነ ገደብ ነው። አድራሻ ቀይሮ ለመሥሪያ ቤቱ ያላሳወቀ ቤተሰብ ደብዳቤው ወደ አሮጌው ቤት ተልኮ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ልጁ የራሱ ምክንያት ካለው በራሱ መዝገብ መነሳት አለበት። ለምሳሌ ሴት ልጅ ወደ ወላጆቿ አገር ብትመለስ ግርዛት የሚያሰጋት ከሆነ፣ «የተለየ ምክንያት የለም» ብሎ የፈረመ ወላጅ ይህን ስጋት ኋላ ላይ ለማስረዳት እጅግ ይቸገራል።

በሽማግሌ ፊት በቃል የተፈጸመ ጋብቻ ወይም «ልጁ የእኔ ነው» የሚል ስምምነት፣ ምንም ያህል በቅንነት ቢደረግ፣ በጀርመን መዝገብ ፊት አባትነትን አያስረዳም፤ ወገን በዚህ ላይ መዘናጋቱን ሊተው ይገባል። አባት ጥገኝነት አግኝቶ ልጁ በእርሱ በኩል መብት የሚጠይቅ ከሆነ፣ የአባትነት ማረጋገጫው እናት ፈቃዷን ሰጥታበት ዩገንድአምት በተባለው የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ያለ ክፍያ፣ ከወሊድ በፊት ሳይቀር ሊፈጸም ይችላል። ፓስፖርት ለሌላቸው ወላጆች የክብር መዝገብ ቢሮው ማንነታቸው አለመረጋገጡን የሚጠቅስ የልደት መዝገብ ግልባጭ ስለሚሰጥ፣ ሙሉ የልደት ሰርተፊኬት እስኪወጣ ብሎ ልደቱን ሳያሳውቁ መቆየት ምክንያት የለውም።